ለወይዘሮ በላይነሽ የተላኩ ጥቅሎች

መዝገብ ያዡ ገብረወልድ የተገደለው በጠራራ ፀሐይ፣ ናዝሬት ምሳዋን በምትበላበት ሰዓት ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነበር። የ«ሦስት ሐይቅ» ማመላለሻ ባለቤት ሐጂ መሐመድሰዒድ ከጁምዓ ሶላት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰው የመዝገብ ክፍሉን በር ገፋ ቢያደርጉት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያገለገላቸው ሰው ጠረጴዛው ሥር በአፍጢሙ ተደፍቷል። ጓሮ ውስጥ ደግሞ አንድ በርሜል ይጨሳል።

በዚያ ሰሞን ሬሳ ለናዝሬት ብርቋ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት አስፋልት ዳር ተጥለው የሚገኙትን ልጆች ማን እንደገደላቸው ስለሚታወቅ፣ ማንም መርማሪ አይጠራላቸውም። መርማሪ የሚጠራው ገዳዩ ላልታወቀ ሬሳ ብቻ ነው። የሚጠራውም መቶ አለቃ ሁንዴ ነበር።

ሁንዴ ግን የማይመለከቱትንም ሬሳዎች ያያል። ወደ ሥራ ሲሄድ የወደቀ ልጅ ካጋጠመው ፊቱን ሳያገላብጥ አያልፍም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጁ ዲንቄ በታኅሣሥ ወር አንድ ጠዋት ከቤት ወጥታ አልተመለሰችም። ከእሷ ጋር የጠፋው ዕቃ ጥግ ጥግዋ በቀይ ክር የተዘመዘመች የፖሊስ ብርድ ልብሱ ብቻ ነው። ለጎረቤት «አሰላ፣ አክስቷ ጋ ናት» ይላል። አክስቷ ዘንድ እንደሌለች ግን እሱም ሚስቱም ያውቃሉ። በሕይወት መኖሯን እንኳ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ፣ መቶ አለቃነቱን ከነኮከቡ አውልቆ በሰጠው ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የተሰበረ ነገር የለም። ሟች የኋላ ጭንቅላቱን ተመትቷል። የዕቃ መመዘኛው አጠገብ ከሚደረደሩት የብረት ክብደቶች መካከል ባለ አምስት ኪሎው የለም። መደርደሪያውና የካርቦን ቅጂ የሚቀመጥበት ቁምሳጥን ባዶ ናቸው። ያ ሁሉ ወረቀት በርሜሉ ውስጥ አመድ ሆኗል።

«ምን ነበር የተጻፈበት?» አለ ሁንዴ።

«የተሳፋሪ ስም፣ የዕቃ ዓይነት፣ የተነሳበት፣ የወረደበት» አሉ ሐጂ። ወደ በርሜሉ አመለከቱ። «ዝዋይና ሻሸመኔ ቅርንጫፍ አለን። ሦስቱም ቤት በስልክ ነው የሚገናኘው። እንዴት ያለ ሰው ነው ወረቀት ብሎ ሰው የሚገድል፣ ያ ረቢ!»

«እርስዎ ከሶላት በፊት የት ነበሩ?»

«ከአምስት ሰዓት ጀምሮ መስጊድ ነኝ። የናዝሬት ሰው በሙሉ አይቶኛል።»

የእውነትም አይቷቸው ነበር። ሁንዴ ያንኑ ቀን አሥራ አንድ ሰው ጠይቆ አረጋገጠ።

የቢሮው ጸሐፊ ወይዘሮ ሸዋወርቅ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። በኅዳር ወር አንድ ወንድ ልጇን ከአስፋልት ዳር አንስታለች። ልቅሶ እንዳትቀመጥ ስለተከለከለች፣ ሐዘኗ ልብሷ ላይ ብቻ ቀርቷል። ሁንዴ ሴትዮዋ አሳዘነችውና ከጎረቤት ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ አስመጣላት።

«ይቅርብኝ መቶ አለቃ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም» አለችና ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

«ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ምሳዬን በልቼ ስመለስ ነው ይሄን ጉድ የሰማሁት።»

«ጠላት ነበረው?»

«ጋሽ ገብረወልድ?» አለች። «ከመዝገቡ በቀር ምን ነበረውና!»

ሁንዴ ይህንን ቃል በቃል ጻፈ። ጽፎም ማስታወሻውን ዘጋ። ትልቁን ስህተት የሠራው ያኔ አልነበረም፤ እሱ ጋ ኋላ እንደርሳለን።

ከሟች መሳቢያ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው በታይፕ የተመታ ወረቀት ነው። ባለፈው ነሐሴ ጎርፍ ቢሮው ገብቶ የአራት ዓመት መዝገብ ሲያበሰብስ፣ ሐጂ «ሁለተኛ ቅጂ የምናስቀምጥበትን መላ አንተው ምረጥ» ብለውት ነበር። ገብረወልድም ምርጫውን እንዲህ ብሎ አቅርቧል፦

«ሁለተኛ ቅጂ የሚያስፈልገው፣ ጠያቂ በመጣ ጊዜ መልስ እንዳይጠፋ ነው።

አንደኛው መንገድ በካርቦን መጻፍ ነው። ነገር ግን ዋናውና ቅጂው አንድ ቤት ካደሩ፣ የሚመጣው ጎርፍ ሁለቱንም ይወስዳል።

ሁለተኛው የማባዣ መኪና መግዛት ነው። ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ የጠየቀ ደግሞ በዚህ ጊዜ ምን ልታባዛ ነው ይባላል።

ሦስተኛው በየማታው ለዝዋይ በስልክ ማንበብ ነው። ስልክ ላይ ግን ጆሮ ይበዛል።

አራተኛውንና የመረጥኩትን በቃል አስረዳለሁ።»

«አስረድቶዎት ነበር?» አለ ሁንዴ።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ሥራ በዛብኝና ‹የመሰለህን አድርግ› አልኩት። በካርቦን እየጻፈ ቁምሳጥን ውስጥ ሲቆልፍ አየዋለሁ፤ ያ ነው ያለኝ።»

ሁለተኛው ነገር ገና ያልተጻፈበት አዲስ መዝገብ ነበር። ገብረወልድ ለሰኞ አዘጋጅቶታል። ሁንዴ ገለጥ አደረገው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች መካከል የገባው ካርቦን አንድ አይደለም። ሁለት ነው።

ሁንዴ ፈገግ አለ። ወረቀት የሚያባዛ ሰው ነፍሱ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የነፍስ ግድያ ፋይል ከቢሮው ጠፍቶበት፣ ነፍሰ ገዳዩ ጥርሱን እየፋቀ ከእስር ሲወጣ ቆሞ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሕግ አወጣ። የገባ ሰነድ ሁሉ ከምንም በፊት በሦስት ይገለበጣል። አንዱ ለዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ ፎቅ ላይ ላለው አለቃ ቢሮ፣ አንዱ ለፋይል። ፎቁ ላይ የአብዮት ጥበቃ ኃላፊው ጓድ አስፋው ከገባ በኋላ እንኳ ሕጉ አልተለወጠም።

«ሦስተኛ ቅጂ አለ» አለው ለረዳቱ። «ዋናውም ቁምሳጥን ውስጥ ያለውም ተቃጥሏል። ሦስተኛው የት እንዳለ ገዳዩ አላወቀም።»

ረዳቱ አሥር አለቃ ዘገዬ ነው፤ ጽሑፉ ያማረ፣ የታዘዘውን ከታዘዘው በላይ አጥርቶ የሚሠራ የሃምሳ ዓመት ሰው። «እናገኘዋለን፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ።

ቅዳሜ ከሐጂ ሾፌሮች አንዱ፣ ደሊል፣ ተያዘ።

ደሊል ዓርብ ከቀትር በፊት አንዱን ፊያት አውቶቡስ ይዞ ወጥቷል። «መልካሳ ሄጄ ፍሬን አሠራሁ» አለ። ሁንዴ መልካሳ ሰው ላከ። የመልካሳው መካኒክ ደሊልን ካየው ወር አልፎታል።

«ኮንትሮባንድ ነው የምትጭነው» አለው ሁንዴ። «ገብረወልድ እያንዳንዱን ይጽፈዋል። ተው ብትለው እምቢ አለ።»

«ወላሂ፣ ጋሽ ገብረወልድን አልነካሁትም።»

«ታዲያ የት ነበርክ?»

ደሊል ያንኑ መሐላ ደገመ።

ሁንዴ ወደ በሩ ሄዶ ለሁለት ፖሊሶች በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠ። እሱ ራሱ ሰው አይመታም፤ በዚህም ይኮራል። ኮሪደር ወጥቶ ሲጋራውን እስኪጨርስ፣ የደሊልን ውስጥ እግር በጎማ ሲገርፉት ድምፁን ሰማ። ሲመለስ ሰውዬው ቆሞ መሄድ አልቻለም። የት እንደነበረ ግን አልተነፈሰም።

«ሌባ እንዲህ አይጠነክርም» አለ ዘገዬ በሹክሹክታ።

«እንግዲያው ነፍሰ ገዳይ ነው» አለ ሁንዴ፤ ቆልፉበት ብሎም ሄደ።

እሑድ ከሰዓት የገብረወልድ ቤት ልቅሶ ደረሰ። ድንኳን የለም፤ አሥር የማይሞሉ ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅ አልወለደም። ግድግዳው ላይ የአንዲት ቀይ ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«ሚስቱ ናት፣ በላይነሽ» አለችው አንዲት አሮጊት። «ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ አላገባም። እሱም ሄደላት።»

ሁንዴ ጥቂት አጎንብሶ ተቀመጠና ወጣ። ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለለት።

«አካም ቡልተኒ፣ ጓድ ፖሊስ» አለች ደዋይዋ። «እኔ ጉዲቱ ነኝ። የሦስት ሐይቅ ማመላለሻ፣ የዝዋይ ቅርንጫፍ። ሐጂ ደውዪ ብለውኝ ነው። ጋሼ ገብረወልድ ሞተ ሲሉኝ አለቀስኩ። አሁን እነዚህን ዕቃዎች ምን ላድርጋቸው?»

«የምን ዕቃ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ የሚልካቸው ጥቅሎች ናቸዋ። ባለቤታቸው መጥታ አታነሳ። እኔ ብጠይቀው ‹ትመጣለች፣ አንቺ ብቻ አስቀምጪ› ይለኛል። ሕጋችን ስድስት ወር ነው፤ ያልተነሳ ዕቃ እስከዚያ አይከፈትም። መደርደሪያዬን ሞልተውብኛል እኮ!»

«በማን ስም ነው የተላኩት?»

«በወይዘሮ በላይነሽ።»

ሁንዴ የልቅሶ ቤቱ ፎቶግራፍ ትዝ አለው። ከሞተች ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሴት ዝዋይ ላይ ዕቃ ይጠብቃታል። አራተኛው መንገድ ይሄ ነው። ገብረወልድ የመዝገቡን ቅጂ በገዛ መሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ፣ በሟች ሚስቱ ስም ይልከዋል። ቅጂው ማንም የማይከፍተው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ስድስት ወር ሲሞላው ላኪው ራሱ ይወስደዋል። ጎርፍም ጆሮም አይደርስበትም። ሁንዴ የሟቹ ብልሃት ልቡን ነካው። ቢያገኘው ኖሮ ሻይ ይጋብዘው ነበር።

ያን ቀን ዝዋይ ደርሶ ተመለሰ። ጉዲቱ አሥራ ስድስት ጥቅሎች አስረከበችው፤ ሁሉም በሲባጎ ታስረው በቀይ ሰም ታትመዋል። ማኅተሙ ምስክር ባለበት መከፈት ስላለበት፣ መንገድ ላይ ጭኑ ላይ አድርጎ አቅፏቸው መጣ እንጂ አልነካቸውም። ውስጡ የደሊል ኮንትሮባንድ በተራ እንደተጻፈ እርግጠኛ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮ ሲደርስ ረሃብ ሊጥለው ነበር። ከዳቦ ቤት የገዛውን ዳቦ ቆርሶ ግማሹን ለዘገዬ ዘረጋለት።

ዘገዬ አፍሮ ፈገግ አለ። «እርስዎ ይብሉ። ሑዳዴ አይደል፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም።»

ሁንዴ ማኘኩን አቆመ።

«የሚጾም ሰው ሁሉ እንዲህ ነው?»

«አጥብቆ የያዘ እንዲያ ነው። ዘጠኝ ሳይሞላ ውሃ እንኳ አይነካም።»

ዓርብ ዕለት የተገፋው የሻይ ብርጭቆ ዓይኑ ላይ መጣ። «ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም» ያለች ሴት፣ በስድስት ሰዓት ተኩል የምን ምሳ በላች? ሑዳዴን የማይጾመው ሁንዴ ይህንን ሦስት ቀን ሙሉ በኪሱ ይዞ ዞሯል። ቸኩላ የዋሸችው የሰው ሁሉ ሰበብ የሆነውን ምሳ ነው፤ የራሷን ሰዓት ረስታ።

«ጥቅሎቹን ምስክር ባለበት ክፈትና እንደ ሕጋችን በሦስት ገልብጠህ አስገባቸው» አለው ለዘገዬ። «እኔ ነገ ጠዋት ሸዋወርቅ ቤት ብቅ ብዬ እመጣለሁ።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነበር።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሸዋወርቅ በሯን ከፈተችለት። አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋ፤ ግድግዳው ላይ የአንድ ጎረምሳ ፎቶግራፍ። ልጁ በሐጂ አውቶቡስ ፊት ቆሞ ይስቃል።

«ዓርብ ምን በሉ?» አለ ሁንዴ፣ ሳይቀመጥ።

ሸዋወርቅ በሩን ዘጋች። ከዚያ የተሸነፈ ሰው ሳቅ ሳቀች። «ከንግግሬ ሁሉ እሱን ያዙት?»

«ክብደቱ የት ነው?»

«ጉድጓድ ውስጥ፣ ከሽንት ቤቱ። ይውሰዱኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሁሉም ተቃጥሏል አይደል?»

«ደሊል ኮንትሮባንድ ለሚጭንበት መዝገብ ሰው ገደሉ?»

«የምን ኮንትሮባንድ?» አለች ሸዋወርቅ። «ልጆች ነው የሚጭነው። ልጄን ከቀበርኩ በኋላ የሌላ ሴት ልጅ እንዲህ እንዳይቀር ብዬ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ከደሊል ጋር ሆነን እናሸሻቸዋለን። ደሊል እየጫነ መቂ፣ ሻሸመኔ፣ ኩየራ፣ አንዳንዱንም ከዚያ ወዲያ ሞያሌ ድረስ ያደርሳል። ዓርብ ዕለትም አንዲት ልጅ መቂ ሲያደርስ ነው የዋለው። ጋሽ ገብረወልድም ያውቃል። ግን ስም አልዘልም አለ! ‹ጋሼ፣ እነዚህን ተዋቸው› ብዬ እግሩ ላይ ብወድቅ፣ ‹ነገ አባቱ ልጄ የት ደረሰ ብሎ ሲመጣ ምን ልመልስለት ነው?› ይለኛል። እውነተኛ ስማቸውን፣ የወረዱበትን ቤት ሳይቀር ይጽፋል።»

ሁንዴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሐሙስ ዕለት ቀበሌው መዝገቡን ሰኞ መጥቼ አያለሁ አለ» አለች። «ዓርብ ዕለት እንደገና ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ካርቦን ያስተካክል ነበር። መታሁት። መልካም ሰው ነበር፤ እንደሱ ያለ መልካም ሰው አላውቅም። መታሁት።»

«ስንት ናቸው?»

«ሠላሳ አራት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የርስዎም አለችበት። ዲንቄ። በዚያች ቀይ ዝምዝማት ባላት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነው የሄደችው። ኩየራ ናት፣ ደህና ናት። ልነግርዎ ስንት ጊዜ አሰብኩ፤ ኮከብዎን ሳይ ፈራሁ።»

ልጁ በሕይወት አለች። ሦስት ወር ከግማሽ የለመነው ቃል ይሄ ነበር። ደስታው ግን ደረቱ ላይ ሳይደርስ ቀረ፤ ሁንዴ ብድግ ብሎ ሴትዮዋን እዚያው ጥሏት ሮጠ። እንዴት ቢሮ እንደደረሰ አያስታውስም።

ዘገዬ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን አሰናድቶ ይጠብቀዋል። ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል፤ ፊቱ ግን በኩራት ያበራል።

«ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ ገለበጥኩት፣ ጓድ መቶ አለቃ። በደሊል አውቶቡስ ሄደው የወረዱበት ቤት የተጻፈላቸውን ሠላሳ አራት ልጆችም ለብቻ ዘረዘርኩ። ሁለት ሰዓት ላይ የፎቁን ቅጂ አስረክቤያለሁ፤ ይኸው ፊርማቸው። ጓድ አስፋው በጣም ነው የተደሰቱት። ደሊልንም ወዲያው አስወሰዱት። ይህኛው የፋይላችን ነው።»

ሁንዴ ወረቀቱን ተቀበለ። የልጁን ስም ለዘገዬ ነግሮት አያውቅም። ተራ ቁጥር አምስት፤ ዲንቄ ሁንዴ፣ ዕድሜ 18። የተነሳችበት ናዝሬት። የወረደችበት ኩየራ፣ ከዚያም አንድ ቤት ከነባለቤቱ ስም። ዕቃ፣ አንድ ብርድ ልብስ። ሟቹ ለአባቷ ያዘጋጀው መልስ አንዲት ነገር አልጎደለውም።

የሻሸመኔን መስመር ቢያጣው ዝዋይ ደወለ። «ጉዲቱ፣ ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ ሰው አለሽ? አሁኑኑ!»

«ሰው እንኳ የለኝም፣ ጋሼ» አለች። «ሁለት ላንድሮቨር ግን አሁን አለፈ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ሞልተውበታል፤ ፈረሱን ሁሉ አስደንግጠው፣ አቧራውን አጭሰውት ሄዱ። ደሊልን መሃል አስቀምጠውት አየሁ መሰለኝ። ምን ሆኖ ነው?»

ሁንዴ ስልኩን ዘጋና ወደ ፎቁ ደረጃ ወጣ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከላይ የጓድ አስፋው ሳቅ ይሰማል። ሦስት ደረጃ ወጥቶ «ልጄ አለችበት፣ መኪናውን መልሱልኝ» ማለት ነበረበት። አልወጣም። ለእሷ ከፈራው ይልቅ ለራሱ ፈራ፤ ይህንንም እዚያው ቆሞ አወቀው። የደረጃውን ብረት ይዞ ወረደ።

ዘገዬ ፊቱን አይቶ ደነገጠ። «ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ?»

«የለም» አለ ሁንዴ። «እንዳዘዝኩህ ነው የሠራኸው።»

ሸዋወርቅ ቤቷ ተቀምጣ የጓድ አስፋውን ሰዎች ጠበቀች፤ የወሰዷት ግን ስለ ገብረወልድ አልጠየቋትም። የገብረወልድ ፋይል «ገዳይ ታውቋል» ተብሎ ተዘጋ። ሁንዴም ምስጋና ተጻፈለት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ያው ዝርዝር ከፎቅ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ከአብዛኛው ስም ፊት በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጓል። ከላዩ በአጭሩ «እርምጃው ተፈጽሟል፤ ለመረጃ ያህል» ይላል። አምስተኛው ላይ ምልክቱ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፤ የጻፈው ሰው የአባቷን ስም አንብቦ ጥቂት ቆይቶ ይሆናል።

ዘገዬ የመረካከቢያ ቅጹን በሁለት ካርቦን አሰናድቶ አቀረበለት። ቀና ብሎ አላየውም። የፊርማውን ቦታ በጣቱ አሳየው።

ሁንዴ እስክሪብቶውን አነሳ። ከሥር ያሉት ሁለት ቅጂዎች እንዲነበቡ ጠበቅ አድርጎ መጫን ያስፈልጋል። ጠበቅ አድርጎ ፈረመ።